ከስድስት እስከ ዘጠኝ መጋረጃ ይዘጋል

ኅዳር 2 ቀን 1931፣ ዓርብ፣ ጠዋት 4 ሰ.

ውሃው እንደገና አረንጓዴ ሆኗል። ትናንት ግማሹን ደፍቼ በአዲስ ተክቼው ነበር። ዛሬ የጎመን ቅቅል ይመስላል። ዓሦቹ አይታዩም። ሰባት ናቸው፣ ጣት የማያህሉ፣ ከጨሞጋ ወንዝ በወንፊት የተያዙ። የውሃ ውስጥ ሣሩም ከዚያው የመጣ ነው። ቅጠሉ ላይ ፀጉር የመሰለ ነገር በቅሏል። ሲነኩት ያሟልጫል።

ደብተሬ፣ የጨው ነጋዴ ከዓሣ ጋር ምን አገናኘው ትል ይሆናል። የጣሊያኑ ካፒቴን (ከእንግዲህ ካፒ. እለዋለሁ) ትልቅ የመስታወት ገንዳ ከአዲስ አበባ አስመጣ። ያመጣሁለት እኔ ነኝ፤ በጭድ ጠቅልዬ፣ ሳይሰነጠቅ። በሳሎኑ መስኮት ሥር አስቀመጠው። ከጦር ሰፈሩ የመብራት ሞተር ሽቦ አስስቦ ከላዩ አምፖል ሰቀለ። በአገሩ እንዲህ ያለ ነበረው አሉ። እዚህ ግን አልሆን አለው። ሲናደድ አየሁና እኔ ላስተካክልልዎ አልኩ፣ በአስተርጓሚው በሀብቴ አፍ።

ለምን እንዳልኩ አንተን አልዋሽህም። አበልጄ አበጋዝ፣ ኮርቻ ሰፊው፣ የልጄን የአስካለን ክርስትና ያነሳው ሰው፣ ከጥቅምት ጀምሮ እስር ቤት ነው። ጥፋቱ ወንድሙ ጫካ መግባቱ ነው። ሚስቱ ጥሩ ሦስት ጊዜ እቤቴ መጣች። ካፒ. ዘንድ የሚያስገባ በር ስፈልግ ነበር። በሩ ዓሣ ሆኖ ተገኘ።

ኅዳር 4፣ እሑድ

ዕቃ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጠየቀው የት ተቀመጠ የሚለው ነው። ጨው እርጥብ መሬት ላይ ካሳደርከው ጥፋቱ የጨው አይደለም።

ስለዚህ ዛሬ ቁጭ ብዬ የብርሃኑን ሰዓት ቆጠርኩ። ካፒ. ከእንቅልፉ ሲነሳ አምፖሉን ያበራል። ሲተኛ ያጠፋል። በዚህ ላይ መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ነው፤ የኅዳር ፀሐይ እስከ 5 ሰ. ድረስ በቀጥታ ገንዳው ላይ ነው። ውሃው የሚያርፍበት ጊዜ የለውም።

ለሀብቴ ነገርኩት። ካፒ. አላመነም፤ ተክል ብርሃን ይወዳል አለ። እኔም ከብት ለምለም ይወዳል፣ እርጥብ ሽንብራ ላይ ካሰማራኸው ግን ተነፍቶ ይሞታል አልኩ። ሀብቴ እንዴት አድርጎ እንደተረጎመው እንጃ፣ ካፒ. ሳቀ። ሁለት ሳምንት ሰጠኝ።

ጥቁር ጨርቅ ገዛሁ። መጋረጃ ይሆናል።

ኅዳር 6፣ ማክሰኞ

መጋረጃ ሰቀልኩ። ፀሐይ ጨርሶ አይገባም። አምፖሉ በቀን 4 ሰ. ብቻ፣ ከጠ. 3 እስከ 7።

ጎረቤቴ ሰይድ፣ የሸማው ነጋዴ፣ ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ ይጠብቀኛል። ዛሬ ሳልፍ፣ የዓሣ ነፍስ አባት፣ እንዴት ዋልክ አለኝ። ስንቱን አናዘዝክ? ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሰይድ ሲያሾፍ ክፋት የለበትም። አበጋዝን ለማስፈታት እንደሆነ ከሳቁት እሱ ብቻ ያውቃል።

ኅዳር 9፣ ዓርብ

ውሃው ጠራ። ሣሩ ግን ገረጣ። የታችኛው ቅጠል እየወየበ ይረግፋል። 4 ሰ. አነሰው።

አንድ ነገር አየሁ። አምፖሉ በበራ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከቅጠሎቹ ጥቃቅን አረፋ ይወጣል። እንደ ዶቃ፣ አንድ ባንድ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ። ሦስት ሰዓት ያህል እንዲህ ይቆይና እየቀነሰ ይሄዳል። ጠግቧል ማለት ነው። ከጠገበ በኋላ የተረፈውን ብርሃን የሚበላው ቅጠሉ ላይ የሚበቅለው ያ ልሃጭ ነው፣ እንደ ሠርግ ቤት ውሻ። እንግዲያው ሦስት ሰዓት አብልቶ፣ አስርቦ፣ እንደገና ሦስት ሰዓት ማብላት ነው።

አዲሱ ሥርዓት፦ ከ3 እስከ 6 ይበራል። ከ6 እስከ 9 ይጠፋል፣ መጋረጃ ይዘጋል፣ ማንም አይከፍትም። ከ9 እስከ 12 ይበራል። ካፒ. ከሰፈር ሲመለስ በርቶ ያገኘዋል።

በወረቀት ጻፍኩና ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ሀብቴ ሥሩ በእነሱ ፊደል ጻፈበት።

ያፈርኩበትን ልጻፍ። አረፋውን ስመለከት አበጋዝን ረሳሁት። ግማሽ ቀን ሙሉ።

ኅዳር 13፣ ማክሰኞ

ሥርዓቱ ሠራ። ሣሩ አዲስ ቅጠል አወጣ፣ ቀይ ጫፍ ያለው። ከዓሦቹ አንዷ ሆዷ ገፍቷል። ካፒ. ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ከዚያ ምን ላድርግልህ፣ ጠይቅ አለኝ።

ደብተሬ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የጠበቅኋት ቃል ይህች ናት።

እኔ ደግሞ ጨው በደጀን በኩል በመኪና የማስገባበት የይለፍ ወረቀት ጠየቅሁ።

ሂሳቤ ይህ ነበር። ከጫካ ሰው ወንድም ጋር ስሜን ባንድ ትንፋሽ ብጠራ ይጠረጥረኛል፤ በሩም ይዘጋል። መጀመሪያ ትርፍ የሚወድ ነጋዴ መሆኔን ይመን። ትርፍ የሚወድ ሰው አያስፈራም። አበጋዝን በሌላ ቀን እጠይቃለሁ። ሂሳቡ አሁንም ትክክል ይመስለኛል። ብቻ ወረቀቱ ማኅተም ተመቶበት እጄ ሲገባ ደስ አለኝ። ያንን ደስታ ሂሳብ ውስጥ አላስገባሁትም ነበር።

ኅዳር 15፣ ሐሙስ

ጾም ገባ። ዛሬ ስለ አበጋዝ ጠየቅሁ። እንዳሰብኩት አልከበደም። ካፒ. መዝገብ አስመጣ፣ ስሙን አገኘው። ወንጀል የለበትም፣ ዋስ ካለው ይውጣ አለ። ዋሱ የታወቀ ሰው ይሁን። ከዚያ ወደ እኔ አየ። አንተ የታወቅህ ነህ፣ ፈርም።

ብዕሩ ቀርቦልኝ ነበር።

አበጋዝ ከወጣ በኋላ ወንድሙን ተከትሎ ጫካ ቢገባ፣ ሱቄ ይወረሳል፣ እኔ በእሱ ፈንታ እገባለሁ። ይህንን ካፒ. ራሱ በሀብቴ በኩል በግልጽ ነገረኝ። አበጋዝ አይገባም። ይህንን አውቃለሁ። ግን ማወቅና መፈረም አንድ አይደሉም። እስከ ሰኞ ላስብበት አልኩ። ካፒ. እስከ ሰኞ ይሁን አለ። ሀብቴ ቀና ብሎ አላየኝም።

አባቴ ለአበልጅ ዋስ መሆን ምክር የሚጠየቅበት ነገር አይደለም ይል ነበር።

ለጥሩ ምንም አልነገርኳትም። ለባለቤቴ ለዘርፌም።

ኅዳር 17፣ ቅዳሜ፣ ማታ

እስረኞቹን ዛሬ ጫኗቸው። መንገድ ሥራ፣ ደጀን፣ ከአባይ በረሃ አፋፍ። ማንም አስቀድሞ አልሰማም፤ ካፒ.ም ትእዛዙ የደረሰው ጠዋት ነው ይላል። 7 ሰ. ላይ ነው ያለፉት።

እኔ ገንዳው ጋ ነበርኩ። የመጋረጃው ጠርዝ ሚስማር ወልቆ ነበር። ሞተሩ ይጮሃል።

ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ኅዳር 18፣ እሑድ

አለኝ። ትናንት መጻፍ አልቻልኩም።

ሚስማሩ ስለወለቀ ጠርዙን በእጄ ግድግዳው ላይ ይዤ ነበር። ብርሃን እንዳይገባ። የጨለማው ሰዓት ገና አንድ ሰዓቱ ነበር። መኪናዎቹ ሲመጡ ሰማሁ። የሴቶች ልቅሶ ሰማሁ። ከዚያ አበጋዝን ሰማሁ። እዚህ ቤት እንደምውል ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ እሱም ያውቃል። ልክ በመስኮቱ ትይዩ ሲደርስ ጮኸ።

«አበልጄ! ቤቴን አደራ!»

አልከፈትኩም።

ብከፍት ምን እጎዳ ነበር? ሣሩ ለጥቂት ደቂቃ ብርሃን ያገኝ ነበር። እሱ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ግን ያሰብኩት እሱን ነው፣ እውነቴን ነው፣ ብርሃን ያለሰዓቱ ይገባል ብዬ አሰብኩ። ወይም እንዲህ አሰብኩ ብዬ ራሴን እያታለልኩ ነው። ብከፍት ያየኛል። ካየኝ አደራውን ተቀበልኩ ማለት ነው። ዋስ እንድሆነው ተጠይቄ እስከ ሰኞ ያልኩ ሰው ነኝ።

ጥሩ ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ መጣች። ዓይኗ አብጧል። እንዲህ ብሎ ተጣራ፣ ሰምተውታል ወይ አለችኝ። ሞተሩ ይጮህ ስለነበር አልሰማሁም አልኩ። እሷ ራሷ ታረጋጋኝ ጀመር፤ አዎ፣ ያ ሞተር ጆሮ ያደነቁራል አለች። ካፒቴኑን ስለ እሱ ጠይቀውልኝ ነበር ወይ አለችኝ። ጠይቄ እምቢ አለኝ አልኩ።

ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች። ስለ እኛ ብለው የነጭ ደጅ ሲጠኑ የከረሙ፣ እግዚአብሔር ውለታዎን ይክፈል አለችኝ።

ደብተሬ፣ ባንዳ ብላ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ኅዳር 20፣ ማክሰኞ

3፣ አበራሁ። 6፣ አጠፋሁ። 9፣ አበራሁ። 12፣ አጠፋሁ። ውሃው እንደ ምንጭ ጠርቷል። ካፒ. ሌሎች መኮንኖችን ጠርቶ አሳያቸው። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ሰይድ ዛሬ አላሾፈም። ሳልፍ ሰላም አለኝና ሸማ ማጠፉን ቀጠለ። ነገ ያሾፍ ይሆናል ብዬ ተስፋ አድርጌያለሁ።

ኅዳር 21፣ ረቡዕ፣ ጽዮን ማርያም

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከቅጥሩ ውጭ፣ ግንብ ተደግፌ ቆምኩ። እዚያ የሚቆመው ንጽሕና የጎደለው ሰው ነው። ዘርፌ ከሴቶቹ በር አየችኝ። ስንመለስ ምን ነካህ ብላ አልጠየቀችኝም። ትንሽ ከሄድን በኋላ ብቻ፣ ሀብቴ ሱቅ መጥቶ እንደነበር ነገረችኝ። ሳሙና ሊገዛ። ስለ ዋሱ ጉዳይ ባለቤትሽ ሰኞ ሳይመጣ ቀረ፣ ለነገሩ ሰዎቹም ተወስደው ነበር ብሏት ሄደ።

ቤት ደረስን። ሽሮዬን አቀረበችልኝ። እሷ አልበላችም።

ኅዳር 23፣ ዓርብ፣ ደጀን

ጨው ልቀበል መጣሁ። በዚያች ወረቀት። ሰው ልኬ ማስጫን እችል ነበር። ለምን ራሴ መጣሁ? አላውቅም። አውቃለሁ።

መንገዱ ዳር ድንጋይ ይሰብራሉ። መኪናዬ ወረፋ ስትጠብቅ ወርጄ ሄድኩ። ወረቀቴን ሳሳይ ዘበኛው መንገድ ለቀቀልኝ። አበጋዝ ከስቷል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። መዳፉን በጨርቅ ጠቅልሏል፤ ኮርቻ ሰፊ ነው፣ እጁ ለድንጋይ አልተሠራም። ሲያየኝ ፊቱ በራ። መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ አስካለ ነው፣ ደብረ ኤልያስ ትዳሯ ደህና ነው ወይ አለ። ደህና ነው አልኩ። ዳቦ ሰጠሁት። ከፍሎ ጎኑ ላለው ሰው ሰጠ።

ጥሩ ደህና ናት፣ እህል አለ አልኩ። ይህ እውነት ነው፣ ሐሙስ ጤፍ አስልኬላታለሁ። እሱም አውቃለሁ አለ። ከየት አወቅህ አልኩት።

«ሰምተኸኛላ» አለኝ። «መጋረጃውን የያዘ እጅ አየሁ። ይቺን ቆራጣ ጣትህን እኔ አጣታለሁ?»

ሌባ ጣቴ ጫፍ የላትም፤ በልጅነቴ አሞሌ ጨው ስቆርጥ የሄደች ናት። እጄን ልደብቅ ቃጣኝ።

«ቢከፍት ለእሱም ጦስ ነው አልኩ። ብቻ ሰምቷል ብዬ ልቤ አረፈ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

ዘበኛው ጮኸ። አበጋዝ መዶሻውን አነሳ። ሄድኩ።

ስለ ዋሱ አያውቅም። ማንም አልነገረውም። ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር፣ ከንፈሩን አየሁና ዘጋሁት። ለእሱ ብዬ ነው ልበል? አይደለም።

ጨው ተጭኗል። እንግዳ ቤቱ ቁንጫ አለበት። በዚያም ላይ እንቅልፍ እምቢ ብሏል።

ኅዳር 26፣ ሰኞ፣ ቀትር

ካፒ. ዘንድ ሄድኩ። ለአበጋዝ ዋስ ልፈርም መጥቻለሁ አልኩ። መጀመሪያ ሳቀ። ሰኞው ያለፈው ሰኞ ነበር አለ። ከዚያ መሳቁን ተወ። አሁን ሰውየው በደጀን አዛዥ እጅ ነው፤ ደብዳቤ ልጽፍልህ እችላለሁ፣ ፊርማህን ግን እዚያው አዛዡ ፊት ታኖራለህ፤ መቀበልና አለመቀበል የእሱ ነው አለ። ደግሞም ለሽፍታ ወንድም ዋስ የሆነ ሰው የመንገድ ወረቀት ሊይዝ አይችልም፤ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ።

ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። እጄ ትንሽ ዘገየች። ይህንንም እጽፋለሁ።

ገንዳውንስ አለኝ። ሰዓቱ ግድግዳው ላይ ተጽፏል፣ ማንም ማብራትና ማጥፋት ይችላል አልኩ። ሀብቴ ሲተረጉም ድምፁ ተለወጠ። ሲሸኘኝ እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

ያው ቀን፣ 11 ሰ.

ጥሩ ቤት ሄጄ መጣሁ። ጥሬ እየለቀመች ነበር። ተቀመጡ አለችኝ፣ አልተቀመጥኩም። ቆሜ ነገርኳት። ካፒቴኑ እምቢ አላለም፣ ፈርም አለኝ፣ እኔ ነኝ እስከ ሰኞ ያልኩት። ሲጣራም ሰምቼ ነበር። መጋረጃውን ይዤ ቆሜ ነበር። ነገ ደጀን ሄጄ እፈርማለሁ፣ ከተቀበሉኝ።

ሰፌዱን ጭኗ ላይ አኖረች። እርግማን ጠበቅሁ። እንባም ጠበቅሁ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ለእሱስ ነግረውታል?»

አልነገርኩትም አልኩ።

«እንግዲያው ሲያመጡት እርስዎ ይንገሩት። እኔ አልነግርልዎትም።»

ወደ ጥሬዋ ተመለሰች። ወጣሁ። አልሸኘችኝም።

ለዘርፌ ሁሉንም ነገርኳት። የሱቁን ቁልፍ ሰጠኋት። ካልተመለስኩ ዕቃውን ወደ ሰይድ አዛውራ አስካለ ዘንድ እንድትሄድ ተነጋገርን። ዛሬ አብራኝ በላች።

ኅዳር 27፣ ማክሰኞ፣ ጠ. 12 ሰ.

ጋቢዬን ደርቤ ቁጭ ብያለሁ። ሀብቴ ደብዳቤውን አምጥቶ ሰጥቶኝ ሄደ። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ አየሁት። መኪናዋ ከሰይድ ሱቅ ፊት ሞተሯን አስነስታለች። ሰይድ ለእኔና ለአበጋዝ ብሎ ሁለት ነጠላ ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ የእሱን በደንብ አልብሰው፣ የአንተ ቢበርድህም ግድ የለም አለኝ። ሳቅሁ። ካለፈው ሳምንት ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

መወረሱን ፈርቼ ነበር፣ መታሰሩንም። ዛሬ ጠዋት ሳስበው የምፈራው ሌላ ሆኖ አገኘሁት። አዛዡ ፊርማዬን ቢቀበል፣ ከደጀን እስከዚህ ሙሉ ቀን ከአበጋዝ ጋር ጎን ለጎን እቀመጣለሁ። ያመሰግነኛል። ደጋግሞ ያመሰግነኛል፣ አውቀዋለሁ። ምስጋናውን ከማስጨረሴ በፊት መንገር አለብኝ። ትንሽ ምግብ ከቀመሰ በኋላ ይሻል ይሆን? የለም፣ እንዲህ እያልኩ ነው እስከ ሰኞ ያልኩት። ገና ስንሳፈር፣ መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ፣ መውረድ ቢፈልግ እንኳ መውረድ እንዲችል፣ አበጋዝ ብዬ እጀምራለሁ።